በብር ወይስ በኪሎ?

አንዲት የባልትና ነጋዴ «ሥራው ቆመብኝ» ብላ ወረዳ ብትሄድ ሥልጠና ይውሰዱ ትባላለች። ማይክሮ ፋይናንስ ብትሄድ ዋስ ያምጡ፣ ባንክ ብትሄድ ካርታ ያምጡ ይሏታል። ቤት ስትገባ ደግሞ የእህቷ ልጅ «አክስቴ፣ ቲክቶክ ላይ ካልወጣሽ ማን ያይሻል?» ይላታል። አራቱም ቀና ሰዎች ናቸው፤ አራቱም መድኃኒት አላቸው። ቆመ የተባለው ምኑ ነው? የቆመውስ ከመቼ ጀምሮ ነው? ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እርሷስ ብትሆን ራሷን ጠይቃለች?

ባልትናን ያነሳሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሁላችንም የምናውቀው ሥራ ነው፤ ዛላ በርበሬ ሲቀነጠስ ያላስነጠሰ ያገር ልጅ ማን አለ? ሁለተኛ፣ በኪሎ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ተራ ነገር ቢመስልም ነገሬ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው። ነጋዴዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወር 200 ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ በ300 ብር ትሸጥ ነበር እንበል። 60,000 ብር ይሆናል። ዛሬ 120 ኪሎ በ700 ብር ትሸጣለች፤ 84,000 ብር። ንግዷ አድጓል ወይስ ወርዷል? በብር ለሚያየው 40 በመቶ አድጓል። በኪሎ ለሚያየው 40 በመቶ ወርዷል። እርሷ የምታየው የትኛውን ነው? ማታ ሱቁ ሲዘጋ የሚቆጠረው ብር ነዋ! ኪሎውን ማን ይቆጥረዋል?

በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በእንዲህ ያለ ዘመን ሽያጩ በብር ያላደገ ሱቅ ቢኖር ቆሟል አይባልም፤ ወድቋል። ያደገውም ቢሆን አደገ ለማለት ገና ሌላ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ነጋዴዋ «ከዓምና ወዲህ ነው የቆመብኝ» ስትል ሐሰት አልተናገረችም፤ በብር የቆመው ዓምና ነው። ኪሎው መውረድ የጀመረው ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሊሆን ይችላል። እርሷ ምክንያቱን የምትፈልገው የት ነው? ዓምና ውስጥ ነው፤ አጠገቧ የተከፈተው አዲስ ሱቅ፣ የተቆፈረው መንገድ፣ ሲብስም የሰው ዓይን። አማካሪው፣ አበዳሪውና አሠልጣኙም ተከትለዋት ዓምናን ይበረብራሉ። ችግሩ ካለበት ዓመት ውጪ ተሁኖ ስለ መፍትሔ መነጋገር ምን ይሉታል?

ከ84,000 ብሩ ውስጥስ የእርሷ የሆነው ስንቱ ነው? ዛላ በርበሬ ሲገዛ የሚመዘነውና ተፈጭቶ ሲሸጥ የሚመዘነው አንድ አይደለም። ሲቀነጠስ እንጨቱና ብልሹው ይወጣል፤ ታጥቦ ሲደርቅ ይቀላል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው እያንዳንዱ የራሱ ገበያ አለው። የቀንጣሾቹ አበል፣ የወፍጮው መብራት፣ ከገበያ የሚያመጣው ታክሲ አለ። ይህንን ሁሉ ደምራ ዋጋ የምታወጣው በየስንት ጊዜው ነው? አብዛኛው ሰው የሚያወጣው ጎረቤቱ የሚሸጥበትን አይቶ ነው። ጎረቤትየው ከማን አይቶ አወጣ? ትርፍ ማለት የተሸጠው ዕቃ በዛሬ ዋጋ ተገዝቶ ከተተካ በኋላ የሚቀረው ከሆነ፣ በትናንት ግዢ አስልተው በዛሬ ገበያ የሚሸጡ ስንት ሱቆች ናቸው ሳያውቁት ካፒታላቸውን በየወሩ በፌስታል ቋጥረው ለደንበኛ የሚሸኙት? «ካፒታል አጠረኝ» የሚለው እሮሮ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካፒታሉ አጠረ ወይስ ተሸጠ?

ነጋዴዋ በብር በማየቷ ብቻዋን ይፈረድባት ይሆን? መንግሥትስ በምን ያያል? የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዓመት 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሚያስገባውን ደረጃ ሀ፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለውን ደረጃ ለ፣ ከዚያ በታች ያለውን ደረጃ ሐ ብሎ መደበ። የኛ ነጋዴ በወር 60,000 ስትሸጥ በዓመት 720,000 ብር ነው፤ ደረጃ ለ ናት። 84,000 ስትሸጥ 1,008,000 ብር ሆነ፤ ደረጃ ሀ ገባች። ሙሉ የሒሳብ መዝገብ፣ ሒሳብ የሚሠራላት ባለሙያ፣ ሌላም ሌላም ተከተላት። በኪሎ 40 በመቶ በወረደችበት ዘመን በግብር መዝገብ ማዕረጓ ጨመረ። እንኳን ደስ አለዎት ትባል? ድንበሩ ዓመታት ሳይነቃነቅ ከቆየ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የወጣው ማሻሻያ ደረጃዎቹን ሁለት አድርጎ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አቆመው። ደግ አደረገ። 2 ሚሊዮኑስ ከስንት ዓመት በኋላ የስንት ኪሎ በርበሬ ዋጋ ይሆናል?

ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባለውም አንዱ ልኩ ብር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ በማምረቻው ዘርፍ እስከ 5 ሰው ያለውንና ሀብቱ ከ100 ሺህ ብር ያልበለጠውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው ይዞ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የደረሰውን አነስተኛ አለ። በ100 ሺህ ብር ያኔ የሚገዛውና ዛሬ የሚገዛው ወፍጮ አንድ ነው? ወፍጮዋ እያረጀችም የገበያ ዋጋዋ ስለጨመረ ብቻ «ተሸጋገረ» ተብሎ ሪፖርት የተጻፈለት ስንት ይሆን?

ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ለግብር የተሠራው የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ሰሞን አዲስ አበባና ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ውስጥ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ነጋዴው ያዘነው ግብር ተጠየቅሁ ብሎ ብቻ ነበር? ገማቹ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያየው የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በዱቤ እንደወሰደ፣ ስንቱ ዋጋ ጠይቆ እንደሄደ ከደጃፍ ሆኖ እንዴት ይታወቃል? ከዚያ ወዲህ የመጣ አንድ ልማድ አለ፤ ስለ እርሱ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ሱቁ ከወገብ በላይ እንዳያድግ የሚጠነቀቅ ነጋዴ ተፈጠረ። ሁለተኛ ሱቅ በእህት ስም፣ ሦስተኛ ፈቃድ በባል ስም። እቃው ከጓዳ እንጂ ከመደርደሪያው አይታይም። ይህ ንግድ ቆሟል ወይስ ተደብቋል? «ነጋዴያችን የማደግ ፍላጎት የለውም» እያለ በየስብሰባው የሚያዝን ባለሥልጣን፣ ማደግ ስንት እንደሚያስከፍል አስልቶ ያውቃል? መደበቁን ደግ ነው እያልኩ አይደለም። የተደበቀን ንግድ በሥልጠና ለማሳደግ መሞከር ግን ከመጀመሪያው የታመመውን ትቶ ሌላውን ማከም ነው።

ወደ ብድሩ እንምጣ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት የብዙ የንግድ ምክራችን መጀመሪያና መጨረሻ ሆኗል። ንግግሩን ባንክ ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፦

«እትዬ፣ የቤት ካርታ አለዎት?»

«ቤቱ የኪራይ ነው ልጄ።»

«መኪናስ?»

«ወፍጮ አለኝ። በርበሬም አለኝ፣ መጋዘን ሙሉ።»

ልጁ ብዕሩን ያስቀምጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ወፍጮውንም በርበሬውንም፣ ከደንበኛ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ሳይቀር በመያዣነት አስመዝግቦ መበደር እንዲቻል ፈቅዷል፤ መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል። ታዲያ ልጁ ብዕሩን ለምን አስቀመጠ? ሕጉን አልሰማ ይሆን፣ ወይስ አለቃው ከወፍጮ ይልቅ ግድግዳ ያምናል? ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ሲያበጅ፣ ከወረፋው መጀመሪያ የወጣው ማን ነበር? ባለ ፎቁ ወይስ ባለ ወፍጮዋ?

በስልክ የሚገኘው ብድር፣ የቴሌብሩም የሌሎቹም፣ ካርታ አይጠይቅም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚመለስበት ጊዜ ግን በአብዛኛው በሳምንትና በወር የሚቆጠር ነው። የባልትና ሥራ ደግሞ የዓመት ሥራ ነው። የማረቆው፣ የአላባው፣ የቡሬው በርበሬ በደህና ዋጋ የሚገኘው ምርቱ ገበያ በሚያጥለቀልቅበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያኔ የዓመቱን የገዛ ክረምቱን ሳቅ እያለ ያሳልፋል፤ ያኔ ያልገዛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ከነጋዴ ነጋዴ በውድ ይሸምታል። እንግዲህ ብድር ለዚህች ሴት የሚጠቅማት መቼ ነው? ኅዳር ላይ የዓመት ጊዜ ተሰጥቶት የመጣ ብድር ዋጋ ያወርድላታል። ያው ብድር ሚያዝያ ላይ ከወጣ ምን ይሆናል? ሱቅ ማሳደሻ፣ ፍሪጅ መግዣ፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ መክፈቻ። በአንዱ ሱቅ ለምን እንደወረደ ያልታወቀ ንግድ በሁለት ሱቅ ሲወርድ ምን ይባላል? መስፋፋት?

ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እዚሁ አገራችን የታየ ማስረጃ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማን፣ ስቴፋን ዴርኮንና ባልደረቦቻቸው ፋብሪካ ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በዕጣ ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ሥራውን፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር ሥልጠና ሰጥተው፣ የቀረውን እንዲሁ ተዉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩአቸው ልዩነቱ ጠፍቶ ሁሉም ተቀራርበዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት የሚያጨበጭብ ተቋም በአምስተኛው ዓመት የት ነበር? ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚያከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶቻችንስ ያበደሩትን ነጋዴ ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደው አይተውት ያውቃሉ? ብድሩን መመለሱን አላልኩም፤ ያ በደንብ ይታያል። ንግዱ እንዴት እንደሆነ ማለቴ ነው።

ሥልጠናውስ? ለሦስት ቀን በአዳራሽ፣ ከሻይ ዕረፍት ጋር፣ የቢዝነስ ዕቅድ አዘገጃጀት፣ የደንበኛ አያያዝ፣ የሒሳብ አያያዝ። መጨረሻው ምስክር ወረቀት ነው። የቶጎ ዋና ከተማ በሆነችው ሎሜ ውስጥ በ1,500 ትናንሽ ነጋዴዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። አንዱን ወገን በተለመደው የንግድ ሥልጠና አስተማሩት፤ ሌላውን በራስ ተነሳሽነት ላይ ባተኮረ ሥልጠና። ከሌላው የተለየ ነገር መፈለግን፣ ችግር ሳይመጣ ቀድሞ ማየትን፣ እንቅፋት ሲገጥም አለመተውን። የሁለተኛዎቹ ትርፍ 30 በመቶ ጨመረ። የተለመደውን የተማሩት ግን 11 በመቶ ያህል ብቻ፣ ያውም በእርግጠኝነት ጨምሯል ለማለት የማያስደፍር። በየአዳራሹ የምንሰጠው የትኛውን ነው? ደግሞስ ሠልጣኞቹ ሁሉ ባንድ አዳራሽ ባንድ ፓወርፖይንት ተምረው ሲወጡ፣ ሁሉም ባልትና፣ ሁሉም ዳቦ ቤት፣ ሁሉም ቡና ቁርስ ቢከፍት ማን ይደነቃል?

ስለ ሒሳብ አያያዝ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የአንድ አበዳሪ ተቋም ደንበኞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሙሉ የሒሳብ ትምህርት የተሰጣቸው ነጋዴዎች እምብዛም እንዳልተለወጡ አሳይቷል። የተለወጡት ቀላል ደንቦች ብቻ የተነገራቸው ናቸው። ከደንቦቹ አንዱ ይህ ነበር፦ ሁለት መሳቢያ ይኑርህ፣ አንዱ የንግዱ፣ አንዱ የቤቱ፤ ካንዱ ወደ ሌላው ስታዛውር ወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ። የኛ አሠልጣኝም «የቤትንና የንግድን ገንዘብ አትቀላቅሉ» ይላል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ያኛው ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ማዛወርን አልከለከለም። የኛው ግን ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲመጣ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ሱቁን የነካችዋን ሴት ሥነ ሥርዓት የጎደላት አድርጎ ያያታል። ከየት ታምጣ? ለብዙ ቤት ሱቁ ራሱ መድን ነው፤ ጡረታም ነው። መውሰዷን እንድታቆም መስበክ ይቀላል። ስንት እንደወሰደች ማወቅ ይከብዳል፤ የሚጠቅመው ግን እርሱ ነው። ለራሷና ቅንጠሳ ለምትረዳት ልጇ ደሞዝ ቆርጣ ብትጽፍ ኖሮ ንግዱ ድሮም አትራፊ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀር ነበር? ይህን ጥያቄ የምትፈራ ነጋዴ ትኖራለች፤ አልፈርድባትም።

ዱቤም አለ፤ ግን እርሱን ሁሉም ያውቀዋል። የባሰው የሄደው ደንበኛ ነው።

ሰማንያ ኪሎው የት ሄደ? ከ200 ወደ 120 ሲወርድ የጎደለው ሰማንያ ኪሎ ስም ያላቸው ሰዎች ይገዙት የነበረ ነው። ማን ማን ቀረ? አንዷ ሠፈር ለቃ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛም ሱቅም በአንድ ጊዜ የተበተነባቸው አካባቢዎች አሉ። ሌላዋ ኪሎ ትገዛ የነበረችው ሩብ ብቻ መግዛት ጀምራ ይሆናል። ሦስተኛዋስ? ዋጋ እንዳይጨምር ተብሎ ዛላው ረከስ ካለው ጋር ሲደባለቅ ወጡ ላይ ያየችው ሦስተኛዋ ናት። እርሷ መጥታ አትነግርሽም። በኛ ባህል «በርበሬሽ ተበላሽቷል» ብሎ ደንበኝነትን የሚያፈርስ ማን ነው? ዝም ብላ በሌላ መንገድ ማለፍ ትጀምራለች። መንገድ ላይ ስትገናኙም «ጠፋሁ አይደል? ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው» ትልሻለች። በጥራት ማነስ የሄደን ደንበኛ በቲክቶክ መጥራት ምን ያመጣል? አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል።

የመንገደኛ ገበያ ደግሞ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ለገና ወይም ለክረምት ዕረፍት ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ የመጣ ዘመድ ሲመለስ አሥርና ሃያ ኪሎ በርበሬና ሽሮ አሽጎ ይሄዳል። የዚያ ወር ደብተር ያስደስታል። የሠፈሩ ደንበኛ አንድ በአንድ ሲያልቅ የመንገደኛው ሻንጣ ቁጥሩን ደግፎ ያቆመዋል። በበረራ ወቅት የሚነፋ ንግድ ከወቅቱ ውጪ ስንት ነው? ሁለቱን ለይቶ የጻፈ ደብተር አለ?

ኪራይ ቀርቶብኛል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቤት ኪራይን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሲያደርግ የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው የያዘው። ነጋዴዋ የምትተኛበት ክፍል ዋጋ እንደፈለጉ አይጨመርም፤ ያንን ክፍል የምትከፍልበትን ገንዘብ የምታገኝበት ሱቅ ኪራይ ግን ገደብ የለውም። ሱቁን ያሳመረች፣ ደንበኛ ያለመደች ተከራይ በሚቀጥለው ውል የምትቀጣ ከሆነ፣ ዕድገቱ የማን ነው? አከራዩ የሱቁን ወገብ እያየ ኪራይ የሚጨምር ከሆነ፣ ነጋዴዋ ሱቋን ዝቅ አድርጋ መያዟ ስንፍና ነው ወይስ ብልሃት?

አንድ የሚያስቸግረኝ ጥያቄ አለ። የጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮው የሚያውቀው መሰላል ሦስት እርከን አለው፤ ጀማሪ፣ ታዳጊ፣ የበቃ። ሁሉም ወደ ላይ ነው። በወር 120 ኪሎ ሸጣ አራት ልጅ የምታስተምር፣ ሠራተኛ ብትጨምር ጣጣው የሚበዛባት፣ ሌላ ሱቅ የማያምራት ሴት በየትኛው እርከን ትጻፋለች? «አላደገችም» ተብላ ከድጋፍ መዝገብ ትሰረዝ ይሆን? ከእርሷ ይልቅ ዘንድሮ ፈቃድ አውጥቶ በሚቀጥለው ዓመት የሚመልሰው ወጣት ለሪፖርት ስለሚያምር እርሱ ይቀድማል። ወደ 300 ኪሎ እንድትወጣ ሥልጠናውም ቅጹም ተዘጋጅቷል። ከ120 ወደ 80 እንዳትወርድ ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽስ በየትኛው መስኮት ይገኛል?